ፊርማቸውን የነፈጉት እትዬ አርዲስ

አንድ ከተማ ከተማ ለመባል ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ ነዳጅ ማደያ፣ መጠጥ ቤት እና አንድ የሕዝብ መሬት ተሟጋች። ነዳጁ ያልቃል፣ መጠጥ ቤቱም ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል። ተሟጋቹ ግን አያልቅም፣ አይዘጋም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞንታና ውስጥ ስኖር ድብ ጓሮዬ ገብቶ ያውቃል፣ ሰደድ እሳት አጥሬን በልቶት ያውቃል፣ በሰኔ በረዶ ወርዶብኝ ያውቃል። ስብሰባ ሊያልቅ ሲል ከኋላ ወንበር ተነሥቶ "አንድ ነገር ብቻ ልጨምር" እንደሚል የመሬት ተሟጋች ያስደነገጠኝ ግን የለም።

ለእኛ ለኬትል ከተማ ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ሃውገን ናቸው። እኔ ጎማ ጠጋኝ ነኝ፤ በየሳምንቱ ደግሞ ይህቺን የጋዜጣ ዓምድ እሞላለሁ። በሁለቱም ሥራዬ የእትዬ አርዲስን ያህል ያደከመኝ ሰው የለም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አምስተኛ ክፍል አስተምረውኛል፤ ያኔም አይወዱኝም ነበር። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ረጅም ነው። ፒክአፕ መኪናቸው ላይ የለጠፉት መፈክር ብዛት ቀለሟን አስረስቶናል፤ ተለጣፊው ቢነሣ ዝገቱ ብቻውን እንደማይሸከማት ለራሳቸው ነግሬአቸዋለሁ።

ንግግራቸውን ሁሉ የሚጀምሩት "ለመዝገብ ይያዝልኝ" ብለው ነው። ስብሰባ ላይ ቢሆን ምንም አልነበረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ሲል እጃቸውን አንሥተው "ለመዝገብ ይያዝልኝ" ይላሉ። ምግብ ቤት ገብተው ቺሊ የተባለውን የቦሎቄ ወጥ ሲያዙ "ለመዝገብ ይያዝልኝ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጨው በዝቶት ነበር" ይላሉ። መዝገቡ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚይዘው እግዜር ይወቅ።

የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ልንገራችሁ። የደን ጽሕፈት ቤቱ ተራራው ሥር ያለውን አሮጌ መጸዳጃ ቤት አፍርሶ አዲስ ሊሠራ አሰበ፤ አንድ ገጽ ማስታወቂያ አወጣና "አስተያየት ያላችሁ አቅርቡ" አለ። ጤነኛ ሰው ለመጸዳጃ ቤት ምን አስተያየት ይኖረዋል? እትዬ አርዲስ አርባ ሦስት ገጽ አቀረቡ። ማውጫ አለው፤ ካርታ አለው። በስብሰባው ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ አራት አሮጊቶች አሰልፈው መጡ፤ አሮጊቶቹ በየተራ ተነሥተው "የእኔን ሦስት ደቂቃ ለአርዲስ ሰጥቻለሁ" እያሉ ተቀመጡ። አስራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰማን። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ወጣት ላቡን እየጠረገ "እትዬ፣ መጸዳጃ ቤት እኮ ነው!" ቢላቸው፣ "መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። በሩን ወደ ምዕራብ ካዞራችሁት ግን ነፋሱ ይገነጥለዋል" አሉት። በሩ ወደ ምዕራብ ተደረገ፤ በመጀመሪያው ክረምት ነፋስ ገንጥሎ ወሰደው። አጋጣሚ ነው።

የአጎቴ ቀብር ዕለትስ? ከቀብር መልስ አዳራሽ ውስጥ ሰው ድንች በአይብ በሳህኑ ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። እሳቸው ክላሰራቸውን ታቅፈው በየጠረጴዛው ይዞራሉ፤ ለግዛቱ አስተዳዳሪ የሚላክ አቤቱታ ያስፈርማሉ። ለቅሶ ላይ! አክስቴ እንባዋን እየጠረገች ፈረመች። የሟቹን ፊርማ ያልጠየቁት አስከሬኑ ቀድሞ ስለተቀበረ ብቻ ነው። "እትዬ አርዲስ፣ ዛሬን እንኳ ቢተዉት ምናለ?" ብላቸው "አጎትህ በሕይወት ቢኖር ይፈርም ነበር" አሉኝ። ይፈርም ነበር፤ እሱ እውነት ነው። እንዴት አድርጎ እንቢ ይላቸዋል?

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ፈጣሪ ለኬትል ሕዝብ ሲያድል ለእትዬ አርዲስ የሚሆን አልቆበት መሆን አለበት። እኛ በይሉኝታ የተሠራን ሰዎች ነን። መንገድ ላይ መኪና ለመኪና ስንተላለፍ እጃችንን ሳናነሣ አናልፍም። የሰው ሳር ሳናስፈቅድ አንረግጥም። የሰው በር ክፍት ካገኘን ክፍት፣ ዝግ ካገኘን ዝግ አድርገን እንተዋለን። በዚህ ጨዋነታችን እንኮራ ነበር።

ዋናው ጉዳይም ከዚሁ ይመጣል። ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ የሕዝብ ነው። አባቴ ጉልበቱ እስኪከዳው የክረምት ሥጋችንን ያወረደው ከዚያ ነው፤ እኔም ልጄን አጋዘን አድኖ መብላትን ያስተማርኳት እዚያ ነው። ወደ ተራራው የሚያወጣው የእግር መንገድ፣ የኬትል ዱካ የምንለው ግን መጀመሪያ ሁለት ማይል ያህል በአንድ ከብት እርባታ መሐል ያልፋል። በሌላ በኩል ልምጣ ያለ አርባ ማይል ይዞራል። የዛሬ ሃያ ዓመት እርባታውን አንድ የሩቅ አገር ባለሀብት ገዛው፤ የሚያስተዳድርለት ላይል የሚባል ሰው ቀጠረ።

ላይልን የማይወድ ሰው ካለ ችግሩ ከሰውየው ነው። መኪናችሁ በረዶ ውስጥ ብትቀረቀር በትራክተሩ መጥቶ ያወጣችኋል፤ ለነዳጁ ብትሰጡት ይቆጣል። ይህ ላይል በአጥሩ በር ላይ አንድ የእንጨት ሳጥን ሰቀለ። በውስጡ ደብተርና ብዕር አለ። "እንኳን ደህና መጣችሁ። ስማችሁን ጽፋችሁ እለፉ፤ እንድናውቃችሁ ያህል ነው" ይላል። በአደን ወቅት መክፈቻ ቀን ደግሞ ሚስቱ የጋገረችውን የቀረፋ ዳቦ በትሪ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ከተማው ሁሉ ተሰልፎ ይፈርማል፣ ዳቦውን ይበላል፣ ያልፋል። ከዚህ በላይ ምን ደግነት አለ?

ከእትዬ አርዲስ በቀር የማይፈርም የለም። እሳቸው በየዓመቱ የጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ደብተሩን እንደ በሽተኛ እየሸሹ፣ ዳቦውን ሳያዩ በበሩ ያልፋሉ።

"እትዬ አርዲስ፣ ስምዎን ብቻ ይጻፉልኝ፤ ፈቃድ እንደሆነ አልነፍግዎትም" ይላል ላይል ባርኔጣውን አውልቆ።

"ላይል፣ የራስህ ቤት ስትገባ ታንኳኳለህ?"

"ኧረ በፈጠረዎት! ካልጻፉ ሸሪፉ ጋ እንድደውል ታዝዣለሁ።"

"ደውል እንጂ! ቀኑንና ሰዓቱን በደንብ ንገራቸው።"

ይደውላል፤ የሸሪፉ ረዳት ይመጣል፤ ያለፈቃድ የሰው መሬት ገብተዋል የሚል የክስ ወረቀት ይጽፍላቸዋል፤ ላይል በከሳሽነት ይፈርምበታል። እሳቸውም አንብበው፣ ረዳቱን አመስግነው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል። በየዓመቱ! አንድ ጊዜ እኔ ዳቦዬን እየገመጥኩ ስፈርም ደረሱብኝ።

"ዱዌይን! ምን እያደረግህ ነው?"

"ስሜን እየጻፍኩ ነዋ።"

"የሰው እንግዳ ነኝ ብለህ እየፈረምክ ነው። ፈቃድ የጠየቀ ሰው መብት የለውም፤ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ውጣ ይባላል።"

"ሰው ጨዋ ቢሆን ምን ይጎድልብዎታል?"

"ጨዋነትህ ዱካውን ይበላዋል!" ብለውኝ አለፉ። አፌ ውስጥ ያለው ዳቦ መረረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያናድደኝ ዋለ። እዚሁ ዓምድ ላይ "ለወፈፌ ሴት ምን መድኃኒት አለ?" ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፤ የዚያን ሳምንት ጋዜጣዋ በሰዓታት ውስጥ አለቀች።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጉድ ፈላ። በሩ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ገባ። የእንጨት ሳጥኑ ተነሣ፤ በቦታው "የግል መሬት ነው፣ ማለፍ ክልክል ነው" የሚል ቆርቆሮ ተሰቀለ። ባለሀብቱ ተራራውን ለራሱና ለእንግዶቹ ማደኛ ፈልጎት ኖሯል። ላይልን ባገኘው ፊቱን አዞረብኝ፤ "ዱዌይን፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ" ብቻ አለኝ።

ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ሁላችንም ጮኽን። ጠበቃ ተቀጠረ፤ ክስ ተመሠረተ። ዱካው ከአያቶቻችን ጀምሮ የሕዝብ መንገድ እንደነበር የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች ሞልተውናል፤ እናሸንፋለን ብለን መስከረም ላይ ክራቫታችንን አስረን ፍርድ ቤት ገባን።

የባለሀብቱ ጠበቃ አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። ተነሥታ አስራ ዘጠኝ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። "ክቡር ዳኛ፣ ዱካው ድሮ የሕዝብ ነበር እንበል። ይህ ሕዝብ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈቃድ እየጠየቀ ነው ያለፈው። መብቱን በገዛ እጁ ፈርሞ ትቶታል" አለች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ከንቲባው አለ። ፓስተሩ አለ። የእግር ኳስ አሰልጣኙ ከነቡድኑ አለ። ስማቸው ሲጠራ እያንዳንዳቸው ወንበራቸው ላይ ያጥራሉ። እኔ ገና ሳልጠራ ላብ አጠመቀኝ።

"'ላይል ወንድሜ፣ ስለፈቀድክልን እግዜር ይስጥልን። ዳቦው ለጉድ ነው! ዱዌይን።' ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው አስራ ሰባት ጊዜ ፈርሟል። ስለ ዳቦው አስራ አንድ ጊዜ ጽፏል።"

ችሎቱ ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ የወጣበትን ዱካ፣ ልጄ ነገ የምትወጣበትን ዱካ፣ በቀረፋ ዳቦ ሸጬዋለሁ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ያኔ ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ሃውገን ለምስክርነት ተጠሩ። ክላሰራቸውን ታቅፈው ወጡ። ቀጭኗ ጠበቃ ደብተሮቹን ገልጣ ገልጣ "የእርስዎ ስም የለም" አለች።

"አይኖርም። ለመዝገብ ይያዝልኝ፣ እኔ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም" አሉና ክላሰሩን ከፈቱ። በየዓመቱ አንድ፣ አስራ ዘጠኝ የክስ ወረቀት፤ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፊርማ አለው። "እያንዳንዱ ላይ በከሳሽነት የፈረመው የባለሀብቱ ሰው ላይል ራሱ ነው። ማለፌን እሱ ይመስክር፤ አለመፍቀዱንም እሱ ይመስክር። ሕዝቡ መንገዱን ትቶታል የሚሉት የትኛው ዓመት ላይ ነው?"

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። በመጨረሻ ዳኛው ውሳኔውን ከበረዶው ወራት በኋላ እሰጣለሁ ብለው ተነሡ።

ከችሎት ስንወጣ ከተማው ሁሉ እትዬ አርዲስን ከበበ። ያመሰግኑናል ብላችሁ ነው? "አስራ ሰባት ጊዜ! አንዱንስ ጊዜ ሳትፈርም ብታልፍ ምን ነበረበት?" ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ። ሲያሸንፉም አይቻሉም።

በሳምንቱ ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሊለጥፉ ወንበር ላይ ወጥተው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ወዲያው ጠበቃችን ሱቄ ድረስ እየሮጠ መጣ። "ዱዌይን፣ ጥቅምት ደረሰ። የዘንድሮው ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ ሕዝቡ እጁን ሰጠ ይሉናል። አንድ ሰው ማለፍ አለበት" አለኝ። ከንቲባው ወንበሩን ፈራ። ፓስተሩ ጉባኤውን ፈራ። እኔ ደግሞ መኪና በማቆም እንኳ ተቀጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ግን አስራ ሰባት ፊርማ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰንሰለቱን ተሻግሬ ገባሁ። ላይል ከወዲያ ቆሟል።

"ዱዌይን፣ አንተም?" አለኝ። "ተው እባክህ። ለአንተ እኮ አለቃዬን አስፈቅድልሃለሁ፣ ማንም አያውቅም።"

ከልቡ ነበር ያለኝ። በረዶ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያወጣኝ ሰው ነው። "አትቀየመኝ ላይል፤ ፈቃድህን አልፈልግም" አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ዞር ሳልል አለፍኩ። መሐል መንገድ ላይ ካለው ድልድይ ስደርስ የሸሪፉ ረዳት በሞተሩ ደረሰብኝና ክሴን ጻፈልኝ። እንደ ዲፕሎማ ይዤው በቀጥታ ሆስፒታል በረርኩ።

እትዬ አርዲስ አልጋ ላይ ሆነው አነበቡት። ፊትና ኋላውን አዩት። ቀና አሉ።

"እስከ የት ሄድክ?"

"እስከ ድልድዩ።"

"ድልድዩማ የእርባታው ነው! የሕዝቡን መሬት ሳትረግጥ ነው የመጣኸው?"

"ያዘኝኮ እትዬ..."

"ክስ ሲሰጥህ ተቀብለህ ወደፊት ነው የሚኬደው! በር ላይ ገብቶ የተመለሰ ሰው አለፈ ይባላል? አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ጉልበቴ እስከ ተራራው ጫፍ የወጣሁት ለእግር ጉዞ መሰለህ? ነገ ተመልሰህ ሂድ!"

ነርሷ ድምፅ ቀንሱ አለችን። የተናገሩትን ግን ሰምቻለሁ። በእነዚያ የሰባ አራት ዓመት ጉልበቶች፣ በየጥቅምቱ፣ ብቻቸውን፣ እኛ ዳቦ እየገመጥን ስንስቅባቸው። ዓይኔን እንባ ሞላው። ለእሳቸው ግን "ጉንፋን ይዞኛል" አልኳቸው።

እሑድ ተመልሼ ገባሁ። ክሴን ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ወደፊት ሄድኩ። ሁለቱን ማይል ጨርሼ የሕዝቡ መሬት ምልክት ጋ ስደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። አቀበቱ ያቃጥላል፤ እሳቸው ይህን እንዴት እንደወጡት አላውቅም።

ዳኛው ሚያዝያ ላይ ወሰኑ። ዱካው የሕዝብ ነው፤ ሰንሰለቱ ይነሣ። ሰኔ ላይ ከተማው ሁሉ በአንድ ላይ ሊወጣ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ላይልም መጣ፤ ትሪ አልያዘም፣ ሚስቱን ይዞ ነው የመጣው። እትዬ አርዲስን በተሽከርካሪ ወንበር አመጣናቸው፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ አቀበት የሚባል ነገር ከልክሏቸዋል። ተራራውን አላዩትም፤ ሰዉን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

"ቁሙ!" አሉ። "ሕዝብ መሬት ላይ ከሰባ አምስት ሰው በላይ በቡድን ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። እናንተ ሰባ ስድስት ናችሁ። አንድ ሰው ይቅር።"

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ዕድሜ ልካቸውን ፈቃድ አልጠይቅም ያሉ ሴት! ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ዱዌይን፣ አንተ ቅር።"

"ለምን እኔ?"

"አንተ ወጥተህ አይተኸዋል። እነሱ ይሂዱ።"

ተናደድኩ፤ ቦርሳዬን መሬት ወረወርኩት። ሰዉ እየሳቀ፣ እያወራ፣ በበሩ አልፎ በተራ ወደ ላይ ሄደ። እኔም ከንዴቴ የተነሣ እያንዳንዱን ሰው ሲያልፍ ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ ነበሩ። ሁለተኛ ቆጠርኩ፤ ስልሳ አንድ። እኔ ተጨምሬ ስልሳ ሁለት፤ ከሰባ አምስት ብዙ የራቀ ቁጥር ነው።

ዘወር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ወደ ተራራው እያዩ ነበር፤ ከጎናቸው ያለውን ግንድ፣ ለመቀመጫ የሚሆነውን፣ አቧራውን በመሐረባቸው ጠርገውታል። ሄጄ ተቀመጥኩ።